ስኳር ያለባቸው እናት አሜሪካ ሲሄዱ

እናታችሁ ስኳር አለባቸው፤ ልጃቸውን ሊያርሱ ወደ ዋሽንግተን ሊበሩ ነው። በርበሬው ከመደለዙ በፊት፣ ቢያንስ ከወር አስቀድማችሁ ሐኪማቸው ዘንድ ውሰዷቸው። ስኳራቸውና ግፊታቸው ይለካ፣ እግራቸውም ይታይ። የመድኃኒታቸው ዝርዝር በእንግሊዝኛ ከነመጠኑ ይጻፍ። የፋብሪካው የንግድ ስም እዚያ ላይታወቅ ስለሚችል፣ እንደ «ሜትፎርሚን» ያለው የመድኃኒቱ መጠሪያ ይስፈር። የጉዞ ኢንሹራንስ ስትገዙም የቆየ ሕመም ይሸፍን እንደሆነ ጠይቁ፤ ብዙዎቹ አይሸፍኑም።

ኢንሱሊን የሚወጉ ከሆነ ከሁሉ የሚበልጠው ጥንቃቄ ይኸው ነው፦ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ፈጽሞ አታስገቡት። ሻንጣው ሊጠፋ ይችላል፤ ዕቃ ክፍሉም ሊቀዘቅዝ ይችላል። አንዴ በረዶ የሠራ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይታመንም፣ ይጣላል። በእጅ ቦርሳ ይያዝ፤ ማቀዝቀዣ በረዶ ካላችሁም በፎጣ ለዩት እንጂ ጠርሙሱን አይንካው። መርፌው፣ የስኳር መለኪያውና የሐኪሙ ደብዳቤ አብረው ይሁኑ። በእጅ ቦርሳ በሚያዝ ፈሳሽ ላይ ያለው የ100 ሚሊ ሊትር ገደብ መድኃኒትን አይመለከትም፤ ፍተሻው ላይ አውጥቶ ማሳየት ነው።

ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ እንደ ወቅቱ 7 ወይም 8 ሰዓት ወደኋላ ስለሆነ የጉዞው ቀን ይረዝማል። መርፌው መቼና ስንት እንደሚሆን ሐኪሙ ያውጣላቸው፤ እናንተ በአማርኛ ጻፉላቸው። የእጅ ሰዓታቸው እስኪደርሱ በአዲስ አበባ አቆጣጠር ይቆይ። ከምግብ ጋር የሚወጉትን ምግቡ ፊታቸው ሳይቀርብ አይውጉ።

ጾም ከሆነ የጾም ምግብ ቀድማችሁ እዘዙ። ላብ ላብ ካላቸው ወይም እጃቸው ከተንቀጠቀጠ ግን ስኳራቸው ወርዶ ይሆናልና ወዲያው ከረሜላ ወይም ጁስ ይውሰዱ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለኩ። ይህን ከመሄዳቸው በፊት ከንስሐ አባታቸው ጋር ይነጋገሩበት። አውሮፕላን ውስጥ ሆነው «ጾም እገድፋለሁ» ብለው እንዳይጨነቁ ይረዳቸዋል።

ከጉዞው በፊት ባሉት ሳምንታት በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ይራመዱ። በረራው ላይ ደግሞ ብዙ እናቶች ሽንት ቤት መመላለሱን ፈርተው ውኃ አይጠጡም፤ መተላለፊያው ዳር ያለውን ወንበር ያዙላቸው። ሰፋ ያለ ጫማ ያድርጉ፣ ተቀምጠውም ቁርጭምጭሚታቸውን ያንቀሳቅሱ፣ በየሰዓቱ ወይም በየሁለት ሰዓቱ ይነሡ። ዊልቸር ትኬቱ ሲቆረጥ ይጠየቅ።

ከደረሱ በኋላ አንድ እግራቸው ብቻ አብጦ ካመማቸው ወይም ትንፋሽ ካጠራቸው ደም ረግቶ ሊሆን ስለሚችል ሳያድሩ ድንገተኛ ክፍል ይወሰዱ።