ሽመና፣ ጾታና ፈጠራ፦ የአውራምባ ልምድ ለፎገራ ትምህርት ቤቶች

ኪነ ጥበብ ለወጣቶች የሚሰጠው ጥቅም በትምህርት ጥናቶች ሲነሣ በአብዛኛው የሚጠቀሱት ሥዕል፣ ሙዚቃና ቲያትር ናቸው። በፎገራ ሜዳ ግን ጥያቄው ከሸማኔ ዕቃ ቢጀምር ይሻላል። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ የሚገኘው የአውራምባ ማኅበረሰብ በዙምራ ኑሩ መሪነት በ1964 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲሆን፣ በስፋት የሚታወቀው በጾታ እኩልነቱና በሽመና ሥራው ነው። ሁለቱ ተነጣጥለው የሚታዩ አይደሉም።

በአካባቢው ልማድ መፍተል የሴት፣ መሸመን የወንድ ሥራ ነው። ሸማኔውም ቢሆን «ቁጢት በጣሽ» እየተባለ ሲናቅ ኖሯል፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማወጃቸው ንቀቱ ምን ያህል ሥር ሰድዶ እንደነበር ያመለክታል። ስድቡ ከአዋጁም በኋላ ብዙ ዕድሜ አግኝቷል። በአውራምባ ግን ወንዶች ይፈትላሉ፤ ሴቶች ይሸምናሉ። ይህም ከመርሕ ብቻ የመነጨ አይደለም። በደርግ ዘመን ማብቂያ ወደ ቦንጋ አካባቢ ተሰድዶ የነበረው ማኅበረሰብ ሲመለስ አብዛኛው መሬቱ በሌሎች እጅ ገብቶ ስለቆየው፣ በሩዝ ምርቱ በታወቀው ወረዳ ውስጥ ኑሮውን በክር ላይ መመሥረት ግድ ሆነበት።

ለወጣቱ የሚተርፈው ትምህርት ሁለት ገጽታ አለው። አንዱ ከሥራው ባሕርይ ይመነጫል፦ የጥለቱ ክር በቁጥር ይገባል፤ አንድ ድር ከተዛነፈ ግድፈቱ እስከ ጨርቁ ጫፍ ስለሚከተል ልጅቱ ስሕተቷን ለማወቅ የመምህር ቀይ እስክርቢቶ አትጠብቅም። ሁለተኛው ግን ይበልጥ ክብደት ያለው ይመስላል፤ አባቷ እንዝርት ሲያሾር እያየች ያደገች ልጅ የሥራን ክቡርነትና የጾታን እኩልነት በቃል ሳይሆን በዐይኗ ትማራለች።

በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የክወናና እይታ ጥበባት በአንደኛ ደረጃ ይሰጣል። ክፍለ ጊዜው ከመጽሐፍ ሥዕል በመገልበጥ ካለፈ፣ የሸማኔና የሸክላ ሠሪ ልጅ የቤቱን ዕውቀት ደጅ ጥሎ ይገባል፤ ምናልባትም ይደብቀዋል። ወላጁ በአስተማሪነት ተጋብዞ ቢመጣ ግን ያው ዕውቀት በክፍሉ ፊት ማዕረግ ያገኛል፤ የጓደኞቹም አስተያየት ሊለወጥ ይችላል።

ይሁንና ሙያ ሁሉ ፈጠራ አይደለም። ለጎብኚ ገበያ የሚሠራ ሸማኔ የተሸጠለትን ጥለት መድገሙ አይቀርም፤ የሚወቀስበትም አይደለም። በዚህ ረገድ የጎጃምና የጎንደር ቅኔ ቤቶች የተሻለ ሥርዓት አላቸው። በእነርሱ ዘንድ ተማሪው የሌላውን መድገም ነውር ስለሆነ፣ መምህሩ ፊት የሚቀርበው የራሱን ቅኔ ይዞ ነው። ያው ሥርዓት ወደ ሽመናው ክፍል ቢሻገር፣ ተማሪው በየመንፈቁ ከዚያ በፊት ያልታየ አንድ ጥለት በካሬ ወረቀት ነድፎ፣ ክሩን ቆጥሮ፣ ለምን እንዲያ እንዳደረገው በጓደኞቹ ፊት እንዲያስረዳ መጠየቅ ይቻላል። ለዚህ ካሬ ወረቀት፣ ባለቀለም ክርና ፈቃደኛ ወላጅ ይበቃሉ።