የማጅራት ገትር ፈንገስና ጉልበቱ

ማጅራት ገትር ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው በበጋ ወራት በባክቴሪያ የሚነሣውን ወረርሽኝ ነው። ክሪፕቶኮከስ የሚባል ፈንገስም ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለባቸውን ሰዎች በዚሁ በሽታ ያጠቃል። ይህኛው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ስለዚህ ባልና ሚስት ሊራራቁ አይገባም።

ፈንገሱ በአፈርና በርግብ ኩስ ውስጥ ይገኛል። ከአቧራ ጋር በትንፋሽ ወደ ሳንባ ይገባል። ጤነኛ ሰውነት ይቋቋመዋል። የሲዲ4 ቁጥር ከ100 በታች ሲወርድ ግን ወደ አንጎል ሊዘልቅ ይችላል።

ጉልበቱ ከየት ነው?

1. አብዛኞቹ ፈንገሶች የማይችሉትን የሰውነት ሙቀት ተቋቁሞ በ37 ዲግሪ ይራባል።

2. ወፍራም ሽፋን አለው። ከሽፋኑ የሚላቀቀው ነገር የአንጎል ፈሳሽ እንዳይወጣ ስለሚያግድ የጭንቅላት ግፊት ይጨምራል፤ ዓይንንም ሕይወትንም ሊያሳጣ ይችላል።

3. ሜላኒን የተባለ ጥቁር ቀለም ሠርቶ ራሱን ይከላከላል።

ሁሉም ፈንገስ እኩል አይበረታም። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ የመከላከያ ሕዋሳት ቶሎ የሚውጧቸው ዓይነቶች የባሱ ናቸው፤ ተውጠው አይሞቱም፣ እዚያው ይሸሸጋሉ። ከእነዚህ ጋር የተያያዘው የሞት መጠንም ከፍ ያለ ነው።

ምን እናድርግ?

ፈንገሱን የሚሸሽገው ሽፋን ያጋልጠዋልም። ከሽፋኑ የሚላቀቀው ነገር ራስ ምታት ከመጀመሩ ከሳምንታት በፊት በደም ምርመራ ይታያል። ሲዲ4 ከ100 በታች ለሆነ ሰው ይህ ምርመራ ይመከራል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንደሚባለው፣ ባልና ሚስት ውጤታቸውን ተነጋግረው ቶሎ ይታከሙ።

የማይለቅ ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ የዓይን ብዥታ ወይም መቃዠት ከታየ በፍጥነት ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል። ሐኪሙ ከወገብ ፈሳሽ ልቅዳ ቢል አትፍሩ፤ በሽታውን ለማወቅና ግፊቱን ለማቃለል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 ጀምሮ በአንድ ቀን የሚሰጥ ጠንከር ያለ አምፎቴሪሲንን ለ14 ቀን ከሚወሰዱ ሁለት መድኃኒቶች ጋር ይመክራል። ፀረ-ኤች አይ ቪ መድኃኒት ገና ያልጀመረ ታማሚ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይቆያል፤ ቀድሞ መጀመር ለአደጋ ያጋልጣል።

በመጨረሻም ለባለትዳሮች፦ ከዚያ በኋላ ለወራት የሚወሰደው ፍሉኮናዞል በብዛት ሲወሰድ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ የእርግዝና ወራት፣ ፅንስን ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ሚስት መድኃኒቱን የምትወስድ ከሆነ ሁለታችሁም ወደ ክሊኒክ መጥታችሁ ስለ እርግዝና መከላከያ ተማከሩ። መድኃኒቱን ግን ሐኪም ሳያዝ አታቋርጡ።