«ሁካታ» የተባለውን ማሰራጨት፦ የተማሪዎች የድምፅ ጥበብ ራዲዮና ፊዚክሱ

የመገናኛ ምሕንድስና መጻሕፍት ሁካታን ሲተረጕሙ «የማይፈለግ ድምፅ» ይሉታል። ትርጓሜው አጭርና ጠቃሚ ቢሆንም አንድ ጥያቄ ሳይመልስ ያልፋል፤ የማይፈልገው ማን ነው? ዜና ለሚያነብ ጋዜጠኛ ከመስኮቱ ውጪ የሚጣራው የታክሲ ረዳት ሁካታ ነው። የድምፅ ጥበብ ለሚሠራ ተማሪ ግን የረዳቱ ጥሪ ራሱ የሥራው ዋና ቁስ ሊሆን ይችላል። የድምፅ ጥበብ የሚባለው ንግግርንና ዜማን ብቻ ሳይሆን ማንኛውንም የሚሰማ ነገር፣ የዝናብን፣ የማሽንን፣ የገበያን ድምፅ፣ ዝምታንም ጭምር ወስዶ የሚያቀናብር የጥበብ ዘርፍ ነውና።

በዚህ ጽሑፍ በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ እንዲህ ያለ ራዲዮ ለማካሄድ የሚያስቡ ተማሪዎች ሊያውቁት የሚገባውን ፊዚክስ እንመለከታለን። የራዲዮ መሣሪያዎች ከማይክሮፎኑ አንሥቶ በአድማጩ እጅ እስካለው ተቀባይ ድረስ በአብዛኛው ለንግግር የተስተካከሉ ናቸው። ስለዚህ በየደረጃው «ይህ ሁካታ ነው» ብለው የሚጥሉት ነገር አለ። የድምፅ ጥበብ ጣቢያ ይህን ውሳኔ ከመሣሪያዎቹ መልሶ ካልተረከበ፣ ሊያሰማ የተቋቋመለትን ነገር ራሱ እያጠፋ ያሰራጫል።

ከካይሮ እስከ አዲስ አበባ

ነገሩ ለአገራችን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1944 ግብፃዊው የሙዚቃ ቀማሪ ሐሊም ኤል-ዳብ በካይሮ ከሚገኝ የራዲዮ ተቋም በብረት ሽቦ ላይ ድምፅ የሚቀዳ መሣሪያ ተውሶ የሴቶችን የዛር ሥርዓት ቀዳ። ዛር ከኢትዮጵያ ተነሥቶ ወደ ሱዳንና ወደ ግብፅ እንደ ተስፋፋ ብዙ አጥኚዎች የሚናገሩለት ሥርዓት መሆኑን ልብ ይሏል። ኤል-ዳብ የቀዳውን እንዳለ አላቀረበውም፤ በጣቢያው የማስተጋቢያ ክፍል አሳልፎ፣ መሠረታዊ ድምፆቹን በማጣሪያ ቀንሶ፣ በላያቸው ያሉትን ቀጫጭን ድምፆች አጉልቶ አዲስ ሥራ አደረገው። ፈረንሳዊው ፒየር ሼፈር የባቡርና የሌሎች ነገሮችን ድምፅ አቀናብሮ በፈረንሳይ ራዲዮ ያሰማው ከ4 ዓመት በኋላ፣ በ1948 ነው። ታሪኩ ብዙውን ጊዜ ከሼፈር ተጀምሮ መነገሩ ለአፍሪካዊ አንባቢ የሚያሳዝን ልማድ ነው። ሁለቱም ሥራዎች በራዲዮ ጣቢያ መወለዳቸው ግን ድንገተኛ አልነበረም፤ በዚያን ጊዜ መቅጃውም፣ ማጣሪያውም፣ ማስተጋቢያ ክፍሉም የሚገኘው በዚያ ነበር።

ኤል-ዳብ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1964፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተምሯል። በ1963 ያቋቋመው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ መሰንቆን፣ ክራርን፣ ዋሽንትንና ሌሎችንም የአገር መሣሪያዎች በአንድ ቡድን አሰባስቦ በመድረክ ያሰማ ነበር።

ከሚኒ ሚዲያ የሚነሣ ጣቢያ

አብዛኛው አንባቢ የተማሪ ራዲዮን ያውቀዋል፤ ስሙ ሚኒ ሚዲያ ነው። በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓትና በዕረፍት ሰዓት ከግንድ ወይም ከጣሪያ ላይ በተሰቀለ ድምፅ ማጉያ የሚሰማው ይህ ክበብ አየር ላይ ሞገድ ስለማይለቅ የማሰራጫ ፈቃድ ጣጣ የለበትም። በአሜሪካም በተመሳሳይ መንገድ የተጀመረ የተማሪዎች ራዲዮ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1936 የብራውን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከአንዱ ማደሪያ ወደ ሌላው ሽቦ ዘርግተው ነበር። በአገራችን የጅማና የሐረማያ ዩኒቨርሲቲዎች ከዚህ አልፈው የማኅበረሰብ ራዲዮ ከፍተዋል። ለማኅበረሰብ ብሮድካስት አገልግሎት በ1999 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 533 በር ተከፍቶ፣ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1238 ተተክቷል፤ ፈቃዱን የሚሰጠው የኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ነው።

ያለ ፈቃድ በትንሽ የኤፍ ኤም ማሰራጫ «መሞከር» ግን የሕግ ጥያቄ ብቻ አይደለም። የኤፍ ኤም ክልል በ108 ሜጋኸርዝ ሲያበቃ የአቪዬሽን ክልል ከዚያው ይጀምራል። በአግባቡ ያልተሠራ ማሰራጫ አጠገቡ ካለ ሌላ ጣቢያ ሞገድ ጋር ተደባልቆ አዳዲስ ድግግሞሾችን ይወልዳል። ለምሳሌ አንዱ በ106 ሌላው በ103 ሜጋኸርዝ ቢሠሩ፣ የ106 እጥፍ ሲቀነስ 103፣ 109 ሜጋኸርዝ ይሆናል። ይህ አውሮፕላኖች በሚያርፉበት ጊዜ ከማኮብኮቢያው መሥመር ጋር የሚስተካከሉበት ምልክት የሚተላለፍበት ክልል ነው። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ደግሞ ከሳሪስ ብዙም አይርቅም። ፈቃዱ እስኪገኝ ድረስ በሽቦ፣ በግቢው ኔትወርክ ወይም በኢንተርኔት መጀመር ይሻላል።

ሳሪስ አቦ፣ ግድግዳ የሌለው ቤተ ሙከራ

በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ወደ መሀል ከተማ ከሚያልፍባቸው መንገዶች አንዱ ሳሪስ አቦ ነው። አካባቢው ለድምፅ ቀጂ ሀብታም ነው። ወደ ደብረ ዘይት የሚወስደው ዋና መንገድ፣ በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቀላል ባቡር መሥመር፣ የረዳቶች ጥሪ፣ ቀን በገባ በ5 ደግሞ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ክብረ በዓል በአንድ ሥፍራ ይገናኛሉ።

ጥሩንባውን እየነፋ በሰዓት 54 ኪሎሜትር የሚያልፍ የጭነት መኪና እንውሰድ። ይህ በሴኮንድ 15 ሜትር ነው፤ ድምፅ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አየር ውስጥ በሴኮንድ 343 ሜትር ይጓዛል። የጥሩንባው ድግግሞሽ 400 ኸርዝ ከሆነ ሲቀርበን 400 × 343 ÷ 328፣ ማለትም 418 ኸርዝ ያህል ይሰማል፤ ሲርቀን 400 × 343 ÷ 358፣ ማለትም 383 ኸርዝ ያህል። ይህን የዶፕለር ክሥተት በመማሪያ መጽሐፍ ያሰላ ተማሪ በራሱ ቅጂ ላይ ለክቶ ሲያገኘው ጣቢያው አንድ ቁም ነገር ሠራ ማለት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ብዙዎቹ የእጅ ስልኮች ንግግርን ለማጥራት ሲሉ ሳይለዋወጥ የሚቀጥለውን ድምፅ እንደ ሁካታ ቆጥረው ይቀንሱታል። ዝናብ፣ የትራንስፎርመር እምምታ፣ የራቀ መንገድ ድምፅ የሚጠፉት በዚህ ምክንያት ነው። በስልክ ጥሪ የሚተላለፍ ድምፅማ በጥንታዊው አሠራር ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ያለው ብቻ ነው። ስለዚህ ይህን ማጥሪያ መዝጋት የሚያስችል የመቅጃ ፕሮግራም መርጦ፣ በሴኮንድ 44,100 ናሙና እየወሰዱ ሳያምቁ መቅዳት ያስፈልጋል። ይህ ቁጥር የተመረጠው ከናሙናው ግማሽ በታች ያለ ድግግሞሽ ሁሉ በትክክል ስለሚመለስ ነው፤ ግማሹ 22,050 ሲሆን ጆሯችን የሚሰማው እስከ 20,000 ኸርዝ ገደማ ነው።

ጸናጽል ሲንሿሿ ከበሮው ለምን ያንሳል?

ከቤተ ክርስቲያኑ አስተዳደር ፈቃድ ተገኝቶ ማኅሌት ተቀዳ እንበል። ጸናጽል በከፍተኛ ድግግሞሾች የተሞላ፣ ከበሮ ደግሞ በዝቅተኞቹ የሚከብድ መሣሪያ ነው። ቅጂው በቅንብር ክፍሉ ግሩም ሆኖ ሳለ በኤፍ ኤም ሲሰራጭ ጸናጽሉ በተንሿሿ ቁጥር ከበሮው ወደ ኋላ ሲሸሽ ይሰማል። ጥፋቱ የዘማሪዎቹም የቀጂውም አይደለም።

በኤፍ ኤም ድምፁ የሚጫነው የተሸካሚውን ሞገድ ድግግሞሽ ከፍና ዝቅ በማድረግ ነው። በዚህ ዘዴ ተቀባዩ ውስጥ የሚፈጠረው የሽሽታ ሁካታ በከፍተኛ የድምፅ ድግግሞሾች ላይ እየበረታ ይሄዳል። ይህን ለማሸነፍ ማሰራጫው ቀጫጭኖቹን ድምፆች አስቀድሞ አጉልቶ ይልካል፤ ተቀባዩ በዚያው መጠን ይቀንሳቸዋል፤ ሽሽታውም አብሮ ይቀንሳል። በአውሮፓና በአፍሪካ በሚሠራበት የ50 ማይክሮሴኮንድ መለኪያ ማጉላቱ የሚጀምረው ከ3,200 ኸርዝ ገደማ ነው፤ በ10,000 ኸርዝ ላይ ያለ ድምፅ ከ3 እጥፍ በላይ ያድጋል፣ 10 ዲሲቤል ያህል ማለት ነው።

ለንግግር ይህ ግሩም ዘዴ ነው፤ ንግግር በከፍተኛ ድግግሞሽ ብዙ ኃይል የለውምና። ጸናጽል ግን አለው። ተሸካሚው ሞገድ ከመካከለኛ ቦታው ከ75 ኪሎኸርዝ በላይ እንዲርቅ ስለማይፈቀድ፣ የጐላው ጸናጽል ወሰኑን ሲነካ ገዳቢው መሣሪያ መላውን ድምፅ፣ ከበሮውንም ጭምር፣ ዝቅ ያደርገዋል። መፍትሔው ቀላል ቢሆንም ድፍረት ይጠይቃል፤ ፕሮግራሙን በሙሉ 10 ዲሲቤል ያህል ዝቅ አድርጎ መላክ ነው። ጣቢያው ከጎረቤት ጣቢያዎች አንሶ ይሰማል። የንግድ ጣቢያዎች በጩኸት ይወዳደራሉ፤ የተማሪ ጣቢያ በዚህ ውድድር የሚያተርፈው ነገር ስለሌለ አድማጩ ድምፅ መጨመሪያውን ቢያዞር ይሻላል።

በተቃራኒው ደግሞ ለትንሽ ራዲዮ የተፈጠረ የሚመስል መሣሪያ አለን። በዐቢይ ጾም በገና በትንሽ የእጅ ራዲዮ ሲሰማ ወፍራም ድምፁ ይታወቃል። ነገር ግን የዚያ ራዲዮ ድምፅ ማጉያ ከ200 ኸርዝ በታች ያለውን እምብዛም አያወጣም። ምሥጢሩ በጅማቱና በድልድዩ መካከል የሚገባው ቍራጭ ቆዳ፣ እንዝራ፣ ነው። ጅማቱ እንዝራውን እየነካ ሲነዝር ከመሠረታዊው ድግግሞሽ ሌላ የእርሱን 2 እጥፍ፣ 3 እጥፍ፣ 4 እጥፍ እያለ ረጅም የድምፅ ሰልፍ ይወጣል። ጆሯችንና አእምሯችን ከእነዚህ እጥፎች ርቀት ተነሥተው የጠፋውን መሠረታዊ ድምፅ ራሳቸው ይሞሉታል። በ100፣ በ200፣ በ300 ኸርዝ የሚሄድ ሰልፍ 100ው ቢቀርም እንኳ በ100 ኸርዝ ደረጃ ይሰማል።  ትንሹ ተቀባይ ምን እንደሚያስቀር አስቀድሞ አውቆ የሚያቀናብር ተማሪ የተሻለ ሥራ ይሠራል፤ ቅንብሩን በውድ የጆሮ ማዳመጫ ብቻ መገምገም ያሳስታል።

ክፍሉ፣ ዝምታውና መዝገቡ

የቅንብር ክፍል ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። 5 በ4 ሜትር ስፋትና 3 ሜትር ከፍታ ያለው ባዶ የኮንክሪት ክፍል ይዘቱ 60 ሜትር ኩብ፣ የውስጥ ገጹ 94 ሜትር ካሬ ነው። ልስን ግድግዳ ከሚያርፍበት ድምፅ 3 በመቶ ያህል ብቻ ይውጣል ብንል፣ የሳባይን ቀመር የማስተጋቢያውን ጊዜ 0.161 × 60 ÷ 2.82፣ ማለትም 3.4 ሴኮንድ ያህል ያደርገዋል። 20 ሜትር ካሬውን 60 በመቶ በሚውጥ ወፍራም ፍራሽና ብርድ ልብስ ብንሸፍነው ወደ 0.7 ሴኮንድ ይወርዳል። ስስ ጋቢ ቀጫጭኑን ድምፅ ብቻ ስለሚውጥ ወፍራሙ እየጐላ ይቀራል፤ ውፍረቱ ዋና ነገር ነው።

ዝምታም መታሰብ አለበት። የራዲዮ ኮምፒዩተር ፕሮግራሞች ለጥቂት ሴኮንዶች ድምፅ ካጡ «ጣቢያው ተቋረጠ» ብለው ሙዚቃ እንዲለቁ ሊታዘዙ ይችላሉ። 40 ሴኮንድ ዝምታ ያለበት ሥራ ከመተላለፉ በፊት ይህ ትእዛዝ መነሣት አለበት። የአቅራቢው ማብራሪያ በእኔ ግምት ከሥራው በኋላ ቢመጣ ይመረጣል፤ «አሁን የምትሰሙት የባቡር ድምፅ ነው» የተባለ አድማጭ ከባቡር ሌላ ነገር አይሰማም።

የኤል-ዳብ የካይሮ ሥራ ከ20 ደቂቃ በላይ እንደ ነበር ይነገራል፤ እ.ኤ.አ. በ2000 በሲዲ ለሕዝብ የቀረበው ግን 2 ደቂቃ ያህል ቅንጭብ ነው። ዛሬ ማከማቸት ርካሽ ነው። በ2 መሥመርና በ16 ቢት ሳይታመቅ የተቀዳ የ1 ሰዓት ድምፅ 635 ሜጋባይት ስለሚይዝ፣ ባለ 1 ቴራባይት ዲስክ ከ1,500 ሰዓት በላይ ይበቃል። ሁለተኛ ቅጂ በሌላ ሕንፃ ይቀመጥ። ከእያንዳንዱ ፋይል ጋር ቀኑና ሰዓቱ፣ ማይክሮፎኑ የቆመበት ቦታ፣ የአየሩ ሁኔታ፣ ድምፃቸው የተቀዳው ሰዎችም ፈቃዳቸውን የሰጡት ለማሰራጨት ጭምር ይሁን ለመዝገብ ብቻ መሆኑ በጽሑፍ ይያያዝ። ለመዝገብ ብቻ የተፈቀደው አየር ላይ አይውልም።