ዶሮ በቦሌ ከፍታ ሲጠበስ

ባለፈው ሰሞን ከሥራ ባልደረቦቻችን ጋር ሆነን ቦሌ አካባቢ አዲስ ወደተከፈተ የዶሮ ጥብስ ቤት ጎራ ብለን ነበር። ቤቱ ከተከፈተ ብዙ ጊዜ ስላልሆነው ሰልፉ እስከ በሩ ደርሷል። ያዘዝነው ግን ብዙም ሳንቆይ ቀረበልን፤ ቅርፊቱ ወርቃማ፣ ሽታውም የሚጋብዝ ነበር። ከመካከላችን አንዱ ታፋውን ገመስ ሲያደርገው ግን ከአጥንቱ አጠገብ ያለው ሥጋ ቀይ ሆኖ ታየ። ግማሾቻችን «ጥሬ ነው፣ ይመለስ» ስንል ሌሎቻችን «የጫጩት ዕድሜ ያላት ዶሮ አጥንቷ እንዲህ ነው» አልን። አስተናጋጁ በበኩሉ የአጠባበስ መመሪያው ከውጭ አገር የመጣ መሆኑን፣ ደቂቃውም በማሽን እንደሚቆጠር በትሕትና አስረዳን። ሳህኑ ተመልሶ ሌላ ቢተካልንም ጥያቄው ከእኛ ጋር ወጣ። በባሕር ጠረፍ ከተማ የተጻፈ የደቂቃ መመሪያ ቦሌ ላይ በትክክል ይሠራልን?

ይህ ጥያቄ የአንድ ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከቦሌ እስከ ገርጂ፣ ከመገናኛ እስከ ሲኤምሲና አያት ድረስ የዶሮ ጥብስ የሚያቀርቡ ቤቶች ተበራክተዋል። በ2010 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2018) ፒዛ ሃት በአዲስ አበባ ሲከፈት እንደታየው፣ በሌላ አገር የተሰናዳ የአሠራር መመሪያ ይዘው የሚገቡ ሰንሰለታማ ምግብ ቤቶችም ወደ ከተማችን መምጣት ጀምረዋል። በየቤታችንም ከመጽሐፍ ወይም ከቴሌቪዥን ያገኘነውን የአጠባበስ ዘዴ እንሞክራለን። ስለዚህ ነገሩን ከፊዚክስ አንጻር መመልከቱ ለጤናም ለጣዕምም ይጠቅማል።

በዘይት ውስጥ ምን ይከናወናል?

ለመጥበሻ የሚውለው ዘይት አብዛኛውን ጊዜ 175 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይሞቃል። በዱቄት የተለወሰው የዶሮ ብልት ዘይቱ ውስጥ ሲገባ ወዲያውኑ የሚሰማው የመንጣጣት ድምፅ የዘይቱ ሳይሆን የውሃ ድምፅ ነው። የዶሮ ሥጋ አብዛኛው ክፍል ውሃ በመሆኑ፣ ከላይ ያለው ውሃ በቅጽበት ወደ እንፋሎትነት ተለውጦ አረፋ እየሠራ ይወጣል። የሚወጣው እንፋሎት ዘይቱ ወደ ውስጥ ዘልቆ እንዳይገባም ይገፋዋል።

ብልቱ በዚህ ጊዜ ሁለት ክፍል ይኖረዋል። የመጀመሪያው ውሃውን ያጣው የውጨኛው ቅርፊት ነው። ይህ ክፍል ደረቅ ስለሆነ ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ በላይ ሊወጣ ይችላል። በዚህም ፈረንሳዊው ኬሚስት ሉዊ ካሚል ማያር እ.ኤ.አ. በ1912 የገለጸው፣ በፕሮቲን አሃዶችና በስኳር መካከል የሚካሄደው ኬሚካዊ ለውጥ ይፈጠራል። ወርቃማውን ቀለምና ያንን የተወደደ ሽታ የሚያመጣው ይኸው ለውጥ ነው። ሁለተኛው ክፍል ከቅርፊቱ ሥር ያለው እርጥብ ሥጋ ነው። ይህ ክፍል ውሃ እስካለው ድረስ፣ ዘይቱ የቱንም ያህል ቢሞቅ፣ ሙቀቱ ውሃ ከሚፈላበት መጠን አያልፍም። ተጨማሪው ሙቀት ሁሉ ውሃውን እንፋሎት ለማድረግ ይውላልና።

እንግዲህ የሥጋውን ውስጥ የሚያበስለው በቀጥታ የ175 ዲግሪው ዘይት ሳይሆን፣ በቅርፊቱና በሥጋው ወሰን ላይ የሚገኘው የሚፈላ ውሃ ነው ማለት ነው። የጽሑፋችን ፍሬ ነገርም ይኸው ነው። ዘይቱን የሚቆጣጠረው ማሽኑ ሲሆን፣ የውሃውን መፍያ ሙቀት የሚወስነው ግን የአየሩ ግፊት ነው።

ቦሌ ላይ ውሃ ስንት ዲግሪ ላይ ይፈላል?

ውሃ የሚፈላው የእንፋሎቱ ግፊት ከላይ ከሚጫነው አየር ግፊት ጋር ሲስተካከል ነው። በባሕር ጠለል ላይ የአየሩ ግፊት 101 ኪሎፓስካል ገደማ ስለሆነ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ወደ ላይ ከፍ ባልን ቁጥር ከላያችን ያለው አየር ስለሚቀንስ ግፊቱም ይቀንሳል። በግምት በየ300 ሜትሩ የመፍያው ሙቀት 1 ዲግሪ ዝቅ ይላል።

የቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,330 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል። 2,330 ለ300 ሲካፈል 7.8 ይሆናል። ይህን ከ100 ስንቀንስ 92.2 እናገኛለን። የአካባቢው የአየር ግፊትም 76 ኪሎፓስካል ገደማ ነው። ስለዚህ ቦሌ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። እንጦጦ ላይ ብንወጣ ደግሞ ወደ 90 ዲግሪ ይወርዳል። አንባቢያን ይህን በቤታቸው በቴርሞሜትር ሊያረጋግጡ ይችላሉ። የፈላ ውሃ ላይ እሳቱን ምንም ቢጨምሩበት የቴርሞሜትሩ ምልክት ከዚያ አያልፍም።

ስምንት ዲግሪ ምን ለውጥ ያመጣል?

ዶሮ በተፈጥሮዋ ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተር የተባሉትን ባክቴሪያዎች ልትሸከም ትችላለች። እነዚህም ተቅማጥ፣ ትኩሳትና የሆድ ቁርጠት ያስከትላሉ። በተለይ ለሕፃናት፣ ለአረጋውያንና ለነፍሰ ጡሮች አደገኞች ናቸው። በምግብ ደኅንነት ረገድ በስፋት የሚሠራበት መመዘኛ የዶሮ ሥጋ በመካከሉ 74 ዲግሪ እንዲደርስ ይጠይቃል።

92 ዲግሪ ከ74 ስለሚበልጥ ከፍታችን ዶሮን በደንብ ከማብሰል አያግደንም። ችግሩ የጊዜ ነው። ሙቀት ከወሰኑ ወደ መካከሉ የሚጓዘው በሁለቱ መካከል ባለው የሙቀት ልዩነት እየተገፋ ነው። ከማቀዝቀዣ በ4 ዲግሪ የወጣ ሥጋ 74 ዲግሪ ሲደርስ፣ በባሕር ጠለል ላይ ገና 26 ዲግሪ የሚገፋ ልዩነት ይቀረዋል። ቦሌ ላይ ግን የሚቀረው 18 ዲግሪ ብቻ ነው። ስለዚህ የመጨረሻዎቹ ዲግሪዎች በዝግታ ይመጣሉ። ብልቱን እንደ ክብ ወይም እንደ ሲሊንደር ቆጥረን በቀላል የሙቀት ስርጭት ስሌት ስናሰላው፣ ቦሌ ላይ የሚያስፈልገው ጊዜ 15 በመቶ ገደማ ይረዝማል። በባሕር ጠረፍ 12 ደቂቃ የሚበቃው ታፋ እዚህ 14 ደቂቃ ይፈልጋል እንደማለት ነው።

በአንጻሩ ቅርፊቱ ከመዘግየት ይልቅ ይፈጥናል። በባሕር ጠለል ላይ በ175 ዲግሪው ዘይትና በ100 ዲግሪው ውሃ መካከል 75 ዲግሪ ልዩነት አለ። ቦሌ ላይ ግን ልዩነቱ 83 ይሆናል። ውሃው ቶሎ ይወጣል፤ ቅርፊቱም ቶሎ ይደርቅና ይቀላል። ውጤቱ ግልጽ ነው። ዓይን «በስሏል» ሲል መካከሉ ገና ይሆናል። ለደጋ አገሮች የሚሰጠው የተለመደ ምክርም ከዚህ ይመነጫል። በየ300 ሜትሩ የዘይቱን ሙቀት 1.6 ዲግሪ ገደማ ዝቅ ማድረግና ጊዜውን ማስረዘም ይመከራል። በዚህ መሠረት ቦሌ ላይ 175 የነበረው ወደ 162 ዲግሪ ይወርዳል። ዘይቱም ቶሎ ስለማያረጅ ተጨማሪ ጥቅም ይገኝበታል።

ክዳን ያለው መጥበሻ

ሰንሰለታማ የዶሮ ቤቶች ከሚጠቀሙባቸው ዘዴዎች አንዱ በግፊት መጥበስ ነው። አሜሪካዊው ሃርላንድ ሳንደርስ በኬንታኪ ግዛት ኮርቢን ከተማ በነበረው ምግብ ቤቱ ዶሮ በመጥበሻ ሲያበስል ደንበኞች ብዙ ደቂቃ ይጠብቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1939 በግፊት የሚያበስል ድስትን ለመጥበሻነት በማዋል ጊዜውን በእጅጉ አሳጠረ። እ.ኤ.አ. በ1952 ዘዴውን በፈቃድ የወሰደው የመጀመሪያው ምግብ ቤት ሶልት ሌክ ሲቲ የሚገኝ ሲሆን፣ ይህች ከተማ ራሷ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነች።

ክዳኑ ሲታሸግ ከሥጋው የሚወጣው እንፋሎት ታምቆ ግፊቱን ከፍ ያደርጋል። በእነዚህ ማሽኖች የተለመደው ተጨማሪ ግፊት 83 ኪሎፓስካል ገደማ ነው። በባሕር ጠለል ላይ ከአየሩ ግፊት ጋር ተደምሮ 184 ሲሆን፣ ውሃው በ118 ዲግሪ ይፈላል። ቦሌ ላይ ድምሩ 159 ስለሚሆን በ113 ዲግሪ ይፈላል። ሁለቱም ከ74 በብዙ ስለሚርቁ በስሌታችን መሠረት የጊዜው ልዩነት ወደ 5 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ የታሸገ ማሽን ያለው ቤት ከፍታውን በአብዛኛው ያካክሳል። ክፍት መጥበሻ የሚጠቀም ቤትና የየቤታችን ድስት ግን ከፍታውን ሙሉ በሙሉ ይሸከማሉ።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ሳንሰጥ አናልፍም። የቤት ውስጥ ፕሬዠር ኩከር ለውሃ እንጂ ለጋለ ዘይት አልተሠራም። ዘይት አድርጎበት ክዳኑን ማሸግ ለከባድ ቃጠሎና ለፍንዳታ ይዳርጋልና ፈጽሞ መሞከር የለበትም።

ዶሮ ወጥስ?

«እናቶቻችን በዚሁ ከፍታ ስንት ዘመን ዶሮ ሲሠሩ ኖረዋል፤ ይህ ችግር እንዴት አልታያቸውም?» የሚል አንባቢ ይኖራል። መልሱ በዶሮዋ ዕድሜና በምድጃው ጊዜ ውስጥ ይገኛል። ዶሮ ለአገራችን አዲስ እንግዳ አይደለችም። በትግራይ መዝብር በተባለው ጥንታዊ ሥፍራ የተገኙ የዶሮ አጥንቶች ከክርስቶስ ልደት በፊት የመጀመሪያው ሺህ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ ድረስ ይሄዳሉ። በግቢ ስትሮጥ ያደገች የአበሻ ዶሮ ሥጋዋን የሚያያይዘው ኮላጅን የተባለ ፕሮቲን ጠንካራ ነው። ይህ ፕሮቲን እርጥበት ባለው ሙቀት ቀስ እያለ ወደ ጄላቲን ይለወጣል። ለዚህ ደግሞ 92 ዲግሪ ይበቃል፤ የሚያስፈልገው ትዕግሥት ነው። ሽንኩርቱ ሲቁላላ፣ አሥራ ሁለቱ ብልት ሲወጠወጥ የሚያልፈው ረጅም ጊዜ የከፍታውን ጉድለት ከነጭራሹ ይውጠዋል።

የጥብስ ቤቶቹ ዶሮ ግን ሌላ ናት። በቢሾፍቱና በአካባቢው በሚገኙ እርባታዎች እንደሚያድጉት ያሉ የሥጋ ዶሮዎች ለእርድ የሚደርሱት ከስድስት እስከ ሰባት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ኮላጅናቸው ገና ስላልጠነከረ በደቂቃዎች ይለሰልሳሉ። ከሾላ ገበያ የተገዛ አውራ ዶሮ ለዚያን ያህል ደቂቃ ብቻ ዘይት ውስጥ ቢገባ ጥርስ ይፈትናል። ወጡም ጥብሱም እያንዳንዳቸው ለተለያየች ዶሮ የተገኙ መፍትሔዎች ናቸው። የጥብሱ ጊዜ አጭር በመሆኑ ግን ለሁለት ደቂቃ ስሕተት እንኳ ቦታ የለውም።

ቀይ ሆኖ የታየው ምን ነበር?

ወደ ገበታችን እንመለስ። ከአጥንት አጠገብ ያለ ቅላት ሁልጊዜ የጥሬነት ምልክት አይደለም። የወጣት ዶሮ አጥንት በሚገባ ስላልጠነከረ፣ በተለይ ሥጋው ከበረዶ የወጣ ከሆነ፣ ከመቅኔው የሚወጣው ቀይ ቀለም ወደ ሥጋው ይሰርጋል። በደንብ በበሰለ ሥጋ ላይም ይታያል። በሌላ በኩል ነጭ መሆኑ ብቻ የመብሰል ዋስትና አይሰጥም። ስለዚህ በዚያ ቀን ሁለቱም ወገኖች ሊያሸንፉ የሚችሉበት ማስረጃ አልነበራቸውም። የሚፈርደው ቴርሞሜትር ብቻ ነው፤ ጫፉ ከአጥንቱ ሳይነካ በወፍራሙ ሥጋ መካከል ሊገባ ይገባል።

በረዶን ካነሳን አንድ ነገር እንጨምር። 1 ግራም በረዶ ለማቅለጥ የሚያስፈልገው ሙቀት 1 ግራም ውሃን በ80 ዲግሪ ያህል ለማሞቅ ከሚያስፈልገው ጋር እኩል ነው። መካከሉ ያልቀለጠ ብልት ዘይት ውስጥ ከገባ የከፍታው 2 ደቂቃ ላይ ሌላ ብዙ ደቂቃ ይደመርበታል። ስለዚህ ሥጋው አስቀድሞ በማቀዝቀዣ ውስጥ ሙሉ በሙሉ መቅለጥ አለበት።

ከዚህ ሁሉ የምንደርስበት ድምዳሜ አጭር ነው። ከውጭ የሚመጣ መመሪያ ቢከበርም በአገሩ አየር ላይ እንደገና መፈተን አለበት። የምግብ ቤት ባለቤቶች በሥራ መጀመሪያ ጥቂት ወፍራም ብልቶችን በቴርሞሜትር ቢለኩና የማሽኑን ደቂቃ በዚያው ቢያስተካክሉ ወጪያቸው የአንድ ቴርሞሜትር ዋጋ ብቻ ነው። ደንበኛም ሲጠራጠር ሳህኑን ቢመልስ ነውር አይደለም።

በመጨረሻም ለአንባቢያን የቤት ሥራ እንተዋለን። ያ የዶሮ ቤት 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ድሬዳዋ ቅርንጫፍ ቢከፍት ውሃው ስንት ዲግሪ ላይ ይፈላል? የቦሌውን ደቂቃ ሳይቀይር ቢጠቀምበትስ ዶሮው ምን ይሆናል? ለመጀመሪያው ጥያቄ አንድ ማካፈልና አንድ መቀነስ ይበቃሉ። ሁለተኛውን ግን አስቦ መመለስ ያስፈልጋል።