ጆሮና አንደበትን የሚያጠና ትምህርት

ሰው መናገርን የሚማረው በምላሱ ብቻ አይደለም። በጆሮውም ነው። የጎንደር ልጅ አማርኛ፣ የወለጋ ልጅ ኦሮምኛ የሚናገረው ሁለቱ የተለያየ ምላስ ይዘው ስለ ተወለዱ አይደለም። እያንዳንዱ በቤቱ የሰማውን ስለሚመልስ ነው። ታዲያ ከተወለደ ጀምሮ ምንም ያልሰማ ሕፃን ምን ይመልሳል?

በየመንደሩ «ዲዳ» የሚባሉ ልጆች አሉ። የብዙዎቹ ምላስና ጉሮሮ ጤነኛ ነው። ይስቃሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ይጮሃሉ። የጎደላቸው መስማት ነው። «ደንቆሮ» የሚለውን ቃል ደግሞ ሰው ለስድብ ይጠቀምበታል፤ ያላወቀውንም ያልተማረውንም ደንቆሮ ይለዋል። ጆሮው ስላልሰማ ብቻ ልጁን አእምሮ የለውም ማለት ግን ትልቅ በደል ነው።

ይህን ጉዳይ የሚያጠና የኮሌጅ ትምህርት አለ። ሁለት ዘርፍ አለው። አንዱ ስለ መስማት የሚያጠናው ነው፤ ኦዲዮሎጂ ይባላል። ሁለተኛው የንግግርና የቋንቋ ሕክምና ነው። በአሜሪካ ብዙ ኮሌጆች ሁለቱን ጎን ለጎን ያስተምራሉ። የመስማት ጥናት እዚያ የተስፋፋው በጦርነት ምክንያት ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት እ.ኤ.አ. በ1945 ሲያበቃ መድፍና ቦምብ ጆሯቸውን የጎዳው ብዙ ወታደሮች ነበሩ። ሬይመንድ ካርሃርት የተባለ መምህር በጦር ሆስፒታል እነዚህን ወታደሮች ይረዳ ነበር። ኋላም ወደ ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ተመልሶ ትምህርቱን አስፋፋ።

ተማሪው በመጀመሪያ የጆሮን ውስጥ ያጠናል። ድምፅ ገብቶ የጆሮን ታምቡር ይመታል። ከታምቡሩ ኋላ ሦስት ትናንሽ አጥንቶች አሉ። ሦስተኛዋ ከስንዴ ፍሬ ታንሳለች፤ ከሰውነታችን አጥንቶች ሁሉ ትንሿ እርሷ ናት። አጥንቶቹ ድምፁን እንደ ቀንድ አውጣ ወደ ተጠቀለለ ክፍል ያደርሱታል። እዚያ ውስጥ ፈሳሽና በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ፀጉሮች አሉ። ነፋስ የገብስ ማሳ እንደሚያወዛውዝ ድምፅም እነዚህን ፀጉሮች ያወዛውዛል። ከዚያ መልእክቱ በነርቭ ወደ አንጎል ይሄዳል። ፀጉሮቹ አንዴ ከሞቱ ግን ዳግም አይበቅሉም።

ተማሪው የልጅን አነጋገርም ያጠናል። ልጅ በአንድ ዓመቱ አካባቢ የመጀመሪያ ቃሉን ይናገራል። በሁለት ዓመቱ «እማ ነይ» እያለ ሁለት ቃል ያጋጥማል። «ራስ» ለማለት «ያስ» የሚል ኮልታፋ ልጅ፣ የሚንተባተብ ጎልማሳ፣ ላንቃው ተሰንጥቆ የተወለደ ሕፃን፣ ግማሽ አካሉ ሽባ ሆኖ አንደበቱ የተዘጋ ሽማግሌ፣ ሁሉም የዚህ ሙያ ጉዳይ ናቸው።

መጽሐፍ ማንበብ ብቻውን አይበቃም። አሜሪካ ውስጥ በንግግር ሕክምና የሙያ ማረጋገጫ የሚፈልግ ተማሪ 400 ሰዓት የተግባር ሥራ ይጠበቅበታል። 25ቱን ሰዓት ሌላው ሲሠራ ያያል። 375ቱን ራሱ ከሕመምተኛ ጋር ይሠራል። ጠቅላላው ትምህርት ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል ይጨምራል። ለመስማት ባለሙያ ደግሞ ብዙውን ጊዜ አራት ዓመት ነው። በአገራችንም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የንግግርና የቋንቋ ሕክምናን በዲግሪ ማስተማር ጀምሯል።

አዋቂ ሲመረመር ድምፅ በሰማ ቁጥር እጁን ያነሣል። ሕፃን ይህን አያደርግም። ስለዚህ ባለሙያው ትንሽ መሣሪያ በጆሮው ቀዳዳ ያስገባል። መሣሪያው ድምፅ ይልካል። ጤነኛ ጆሮ ለድምፁ የገደል ማሚቶ የመሰለ ምላሽ ይመልሳል። ልጁ ተኝቶም ቢሆን ይሠራል! አሜሪካ ውስጥ ሕፃናት አንድ ወር ሳይሞላቸው እንዲመረመሩ፣ ችግር ያለባቸውም በስድስት ወራቸው እርዳታ እንዲጀምሩ ይመከራል። መቻኮሉ የተፈለገው የአንጎል ቋንቋ የመቀበያ ጊዜ እንደ ዘር ወቅት ስለሚያልፍ ነው። መስሚያ መሣሪያ ባይገኝ እንኳ የምልክት ቋንቋ ሙሉ ቋንቋ ነው። ልጁ ቶሎ ከጀመረው በእጁ ይናገራል፣ በዓይኑ ይሰማል።

ጆሮን ከሚጎዱት መካከል ኩፍኝ፣ ማጅራት ገትርና ሳይታከም የቆየ የጆሮ መግል ይገኛሉ። ኩፍኝን ክትባት ይከላከላል። በሚመግል ጆሮ ውስጥ ቅቤ ወይም የቅጠል ጭማቂ መጨመር ጉዳቱን ያብሳል። እንደ ጄንታማይሲን ያሉ አንዳንድ መርፌዎችም ጆሮን ሊጎዱ ስለሚችሉ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰዱም።

ቤተሰብን የሚያታልል አንድ ነገር አለ። የማይሰማ ሕፃንም በመጀመሪያዎቹ ወራት እንደ ሌላው ድምፅ ያወጣል። እናትም ትረጋጋለች። ኋላ ግን ራሱን ስለማይሰማ ድምፁ እየቀነሰ ይሄዳል። ስድስት ወር የሞላውን ልጅ ለመፈተሽ ከኋላው ሆናችሁ ጥሩት። ፊቱ ቆማችሁ ብታጨበጭቡ እጃችሁን አይቶ ይዞራል፤ እናንተም «ሰማ» ትላላችሁ። ጥላችሁም እንዳይታየው ተጠንቀቁ። ደጋግማችሁ ጠርታችሁት ካልዞረ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። እዚያም «ልጁ አይናገርም» ብቻ ሳይሆን «የሚሰማ አይመስለንም፤ ጆሮው ይመርመርልን» በሉ።