በፕላስቲክ ትል ከድንጋይ ሥር፦ የጣናን ነጭ ዓሣ ማጥመድ

መስከረም 16 በመስቀል አደባባይ ደመራው ከተለኮሰ በኋላ የበዓሉን ዕረፍት ይዞ ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ የአዲስ አበባ ሰው ብዙ ነው። የዓሣ ማጥመጃ ዘንጉን ከሻንጣው ጋር የሚጭን ካለ ግን አስቀድሜ ልለምነው፦ ዘንጉን ቤቱ ይተወው። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት የጣና ነጭ ዓሣ እንቁላሉን ለመጣል እንደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወዳሉት ገባር ወንዞች ይወጣል። ወንዙ አፍ ላይ ሲሰበሰብ መረብ የጣለ ሁሉ በገፍ ያወጣዋል፤ ዓሣው ክፉኛ ከተመናመነባቸው ምክንያቶች ዋነኛው ይህ ነው። ጉዟችሁን ከኅዳር በኋላ አድርጉት።

ማጥመጃችን ለስላሳ የፕላስቲክ ትል ነው፤ እሱን ኒክ ክሪም የተባለ አሜሪካዊ በ1949 እ.ኤ.አ. በኦሃዮዋ አክሮን ከተማ ሠራው። በሰሜን አሜሪካ በድንጋያማ ዳርቻ ስሞልማውዝ ባስ ለሚባለው አዳኝ ዓሣ እስከ ዛሬ ይጠቀሙበታል። ባስ ጣና ውስጥ የለም፤ አዳኝ ዓሣ ግን አለ። ነጭ ዓሣ ከምንላቸው ከሐይቁ 15 የላቤኦባርበስ ዝርያዎች 8ቱ ሌላ ዓሣ እየበሉ የሚኖሩ ናቸው። 40 ሜትር ገደማ የሚወርደው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ወንዝ ስለለያቸው አብዛኞቹ በዓለም ሌላ ቦታ አይገኙም። እነዚህ አዳኞች መንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውም፤ ጥርሳቸው ጉሮሯቸው ውስጥ ነው። ነክሰው ስለማይዙ ያገኙትን ባንድ ጊዜ ስበው ይውጣሉ፤ ካልጣማቸው ደግሞ ወዲያው ይተፉታል። አጥማጁ ንቁ መሆን ያለበት ለዚህ ነው።

የጣና ዳርቻ በብዙ ቦታ የእሳተ ገሞራ ጥቁር ድንጋይ ነው። ትንንሽ ዓሦች ከስንጥቁ ሥር ይጠለላሉ፣ ትልቁም እነሱን ፍለጋ ይመጣል። መንጠቆም የሚቀረው እዚያው ስንጥቅ ውስጥ ነው። ስለዚህ ክሩ ላይ መጀመሪያ ጥይት የመሰለች ቀላል እርሳስ አስገቡ፤ ከዚያ መንጠቆውን እሰሩ። ጫፉን በትሉ ራስ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል አስገብታችሁ በጎን አውጡት፣ መንጠቆውን አዙሩና ጫፉን መልሳችሁ በትሉ ሆድ ውስጥ ደብቁት። ትሉ ቀጥ ብሎ መተኛት አለበት፤ ከተጣመመ ውኃ ውስጥ እየተሽከረከረ ክሩን ያጠማዝዛል።

ጀማሪ ሁሉ ወደ ሐይቁ መሐል አርቆ መወርወር ይወዳል። ዓሣው ግን እግራችሁ አጠገብ ነው። ከዳርቻው ጎን ለጎን ወርውሩ። እርሳሱ ታች እስኪነካ ጠብቁ፣ የዘንጉን ጫፍ በዝግታ አንሡ፣ መልሳችሁ አውርዱ። ባስ አጥማጆች ትሉን ድንጋይ ላይ ለረጅም ጊዜ ያቆዩታል፤ ጣና ላይ ግን የሚታደነው ትንሽ ዓሣ ስለሆነ እንቅስቃሴው ባይቋረጥ ይሻላል ባይ ነኝ። ብዙውን ጊዜ ዓሣው የሚይዘው ትሉ ሲወርድ ነው፤ ክሩ ላይ ትንሽ ንቅናቄ ይሰማል ወይም ክሩ ወደ ጎን ይሄዳል። የላላውን ክር ሰብስቡና ሳትዘገዩ ሳቡ።

ውኃው ውስጥ ገብታችሁ አትቁሙ፤ ጣና ቢልሃርዝያ አለበት። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢም ጉማሬ ስላለ ከመጨለሙ በፊት ተመለሱ።

የያዛችሁትን የማትበሉት ከሆነ እጃችሁን አርጥባችሁ ንኩት፤ ደረቅ እጅ ቆዳውን የሚጠብቀውን ልጋግ ይገፍፋል። የመንጠቆውን እሾህ አስቀድማችሁ በጉጠት ከደፈጠጣችሁት ቶሎ ይወጣል። የተቀደደ ትልና የተበጠሰ ክር ግን ሐይቁ ዳር አትጣሉ። ፕላስቲኩ አይበሰብስም፣ ዓሣ ከዋጠው ሆዱ ውስጥ ይቀራል፤ ክሩም የወፍ እግር ያስራል። ይዛችሁት ወደ ቤት ተመለሱ።