የመጀመሪያውን የትሪዮ አልበም ለማዘጋጀት

በፒያኖ፣ በቤዝና በድራም ብቻ የሚሠራ የጃዝ አልበም መደበቂያ የለውም። ድምፃዊም ሆነ የትንፋሽ መሣሪያ ስለሌለ ትንሿ ስሕተት ሁሉ ትሰማለች። ስለዚህ ሥራው በአብዛኛው ማለቅ ያለበት ስቱዲዮ ከመግባትዎ በፊት ነው።

1. ሙዚቃውን ይምረጡ። የራስዎን ድርሰቶች ሰው ከሚያውቃቸው ዜማዎች ጋር ያመጣጥኑ። አሜሪካዊው የጃዝ ፒያኒስት ቢል ኢቫንስ እ.ኤ.አ. በ1956 በተቀዳው የመጀመሪያ አልበሙ «ኒው ጃዝ ኮንሴፕሽንስ» ያደረገው ይህንኑ ነው። በኋላ ዝነኛ የሆነው ድርሰቱ «ዋልትዝ ፎር ዴቢ» በዚያ አልበም ላይ ለብቻው የተጫወተው አጭር ሥራ ነበር። በትዝታ ወይም በባቲ ቅኝት የሚሠሩ ከሆነ ደግሞ ኮርድ ሲጨምሩ ይጠንቀቁ፤ ከቅኝቱ አምስት ድምፆች ውጭ የሚገቡት ሲበዙ የቅኝቱ ጠባይ ይጠፋል።

2. ለባልደረቦችዎ ቦታ ይተዉ። ዝቅተኞቹ የፒያኖ ድምፆች ከቤዙ ጋር ይጋጫሉ። ግራ እጅዎ የኮርዱን መነሻ ድምፅ ለቤዝ ተጫዋቹ ትቶ ሦስተኛውንና ሰባተኛውን ይያዝ። ማን እንደሚጀምር፣ ሶሎው ለማን እንደሚተላለፍና ዜማው እንዴት እንደሚዘጋ ለእያንዳንዱ ሥራ በአንድ ገጽ ይጻፉ።

3. በሰው ፊት ይፈትኑት። ዜማዎቹን መድረክ ላይ ደጋግማችሁ ተጫወቱና በስልክ ቅዱ። ቅጂውን ሲያዳምጡ በተለይ ሁለት ነገር ይፈልጉ፦ በሶሎ ጊዜ የሚፈጥን ቴምፖና የላላ አዘጋግ።

4. ስቱዲዮውን በፒያኖው ይመዝኑ። ሄደው ይጫወቱበት፤ ፔዳሉና ወንበሩ ድምፅ እንዳያሰሙ ይፈትሹ። በቀረጻው ዕለት ጠዋት ያስቃኙት። ሦስታችሁም በአንድ ክፍል ከተቀዳችሁ መናበቡ ይቀላል፤ የድራሙ ድምፅ ግን በፒያኖው ማይክ ስለሚገባ ስሕተትን ነጥሎ ማረም ይከብዳል። በተለያየ ክፍል ከሆነ ማረሙ ይቀላል፤ የምትደማመጡት ግን በጆሮ ማዳመጫ ነው። የቱ እንደሚሻል ከድምፅ ባለሙያው ጋር አስቀድመው ይወስኑ።

5. አንዱን ዜማ እስኪሰለች አይደጋግሙ። በሁለት ሦስት ሙከራ ካልያዘ ወደ ሌላ ይለፉና በኋላ ይመለሱበት። ቅጂ ሲመርጡ የራስዎ ሶሎ ያማረበትን ሳይሆን ሦስታችሁም የተናበባችሁበትን ይውሰዱ። ምርጫውንም ጆሮዎ ካረፈ በኋላ ያድርጉት።

6. ውሉን ከቀረጻ በፊት ይፈርሙ። በአገራችን የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲው፣ የተጫዋቹና የድምፅ ቅጂ አዘጋጁ መብቶች የተለያዩ ናቸው። ባልደረቦችዎ የሚከፈላቸው አንድ ጊዜ ነው ወይስ ከገቢው ድርሻ አላቸው? ዋናው ቅጂ የማን ነው? ሁሉም በጽሑፍ ይስፈር። የሌላ ሰው ድርሰት ካለ ፈቃድ ይጠይቁ።

7. ሚክሱን በተለያየ ማጫወቻ ያዳምጡ። በትልቅ ስፒከር የሚያምር ቤዝ በስልክ ላይ ሊጠፋ ይችላል። በሸክላ ለማሳተም ካሰቡ በአንድ ገጽ 20 ደቂቃ ያህል ሙዚቃ ብቻ እንደሚይዝ አስበው ቅደም ተከተሉን ያውጡ።

8. በጀቱን በሽያጭ ተስፋ አይሥሩ። የኢቫንስ የመጀመሪያ አልበም በወጣበት ዓመት የተሸጠው 800 ቅጂ ያህል ብቻ ነው። የመጀመሪያ አልበም በዋናነት የሚያገለግለው ለቀጣይ ሥራ መታወቂያ ሆኖ ነው፤ ስለዚህ ከገንዘብዎ ከፊሉን አልበሙን ይዘው ለሚወጡባቸው ኮንሰርቶች ያስቀሩ።